ጅቡቲ ላይ ከዌል ሻርክ ጋር መዋኘት ለምትፈልጉ

ኑሮዬ ጅቡቲ ነው። ቀኑን ወደብ ላይ ከኮንቴይነርና ከትራንዚት ወረቀት ጋር አሳልፋለሁ። ሙቀቱ በረድ ሲል ደግሞ ዓርብን ጠብቄ ባሕር እወርዳለሁ፤ እዚህ የዕረፍት ቀናችን ዓርብ ነው። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ የሚመጡ ወዳጆቼ ፎቶዎቼን ካዩ በኋላ የሚጠይቁኝ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ይሄን የሚያክል ዓሣ አጠገብ እንዴት ትገባለህ? አይውጥህም?» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እኛስ መምጣት እንችላለን?» ይላሉ። ለሁለቱም መልስ አለኝ። ሁለተኛው ግን ዝግጅት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የማውቀውን በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር። አይውጥም። ዌል ሻርክ በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። ተለክተው ከተመዘገቡት ውስጥ ትልቁ 18.8 ሜትር ይረዝማል። ጥርሶቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ነገር ግን በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ለመንከስም ለማኘክም አይውሉም። የሚበላው ፕላንክተን ነው፤ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትና የዓሣ እንቁላል። አፉን ከፍቶ ውሃውን ያስገባል፣ በስንጥቡ አጣርቶ ያስወጣል፣ የቀረውን ይውጣል። ጉሮሮው ጠባብ ነው። ሰውን መዋጥ ቢፈልግ እንኳ አይችልም፤ ደግሞም አይፈልግም።

እኛ ጋ የሚመጡት ገና ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ወንድ ሲሆኑ ርዝመታቸው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሜትር ይሆናል። ልጅ ሲባል ትንሽ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሚኒባስ ታክሲ ድምፅ ሳያሰማ በጎናችሁ ሲያልፍ አስቡት፤ መጠኑ እንደዚያ ነው።

ለምን እዚህ እንደሚሰበሰቡ ማወቅ መቼ መምጣት እንዳለባችሁም ይነግራችኋል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ የእኛው ስምጥ ሸለቆ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ በጣም ይጠልቃል። በመከር ወራት ነፋሱ አቅጣጫውን ይቀይራል። ያኔ ምግብ ያዘለው የጥልቁ ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ፕላንክተኑ ይራባል። ዌል ሻርኮቹ ያንን ተከትለው ይመጣሉ። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ እኔ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን እመርጣለሁ። ቦታው ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው የአርታ ባሕር ዳርቻ ነው። አንዳንድ ቀን ከድንጋያማው ዳርቻ እጅግ ቀርበው ስለሚበሉ፣ ከጀልባው ላይ ሆናችሁ ጀርባቸውን ታያላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ሁልጊዜ ይገኛሉ ማለት አይደለም። የዱር እንስሳ ናቸው። ለአንድ ቀን ብቻ መጥታችሁ ሳታዩ ብትመለሱ የማንም ጥፋት አይደለም። ከቻላችሁ ሁለት የባሕር ቀን ያዙ።

አሁን ስለ ፍርሃቱ ላውራ፤ ምክንያቱም ትልቁ ነገር እሱ ነው።

እኔ ያደግሁት ሐዋሳ ነው። ዋና የተማርኩትም ሐይቁ ላይ ነው። ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ከዋና በፊት የሚማረው ነገር አለ፤ ውሃ ውስጥ ትልቅ ነገር ካየህ ውጣ። ጉማሬ ሰው እንደሚገድል ታላላቆቻችን ነግረውናል፤ እውነታቸውን ነው። ጫሞ ዳር ያደገ ደግሞ ስለ አዞ ያንኑ ይሰማል። ስለዚህ የእኛ ሰው ባሕር ገብቶ ጥላ ሲያይ፣ ሐሳቡ ሳይደርስ እጅና እግሩ ቀድመው ይሸሻሉ። ይህ ፍርሃት ትክክለኛ ቦታ ላይ የተገኘ ትክክለኛ እውቀት ነው። ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

ችግሩ ባሕር ላይ ሽሽቱ ራሱ አደጋ መሆኑ ነው። ሰው ሲደነግጥ ትንፋሹ ይቆራረጣል። በስኖርክሉ፣ ማለትም በመተንፈሻ ቱቦው፣ ውሃ ይገባበታል። ቀና ብሎ ሊያስል ሲል ማስኩ ይወልቃል። ከዚያ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ወደ ጀልባው ይዋኛል፤ ጀልባው ደግሞ የሞተር ምላጭ አለው። ብዙ ጊዜ ውሃ ላይ ካሳለፍኩ በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ከዌል ሻርክ ጋር ስትዋኙ የምትጎዱት በምትፈሩት ነገር አይደለም። የሚጎዳችሁ ድካም፣ ድንጋጤና ጀልባ ነው። እንስሳው ራሱ ሊጎዳችሁ የሚችለው በጭራው ብቻ ነው፤ እሱንም ሳያስበው።

እንዴት እንደሚገባ አብሬያቸው ከምወጣው ካፒቴን ነው የተማርኩት። ሽማግሌ አፋር ናቸው፤ አማርኛ የለመዱት ከእኛ ሾፌሮች ነው። እኔን «ልጄ» ይሉኛል፣ እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ዌል ሻርኩን ከሩቅ ሲያዩ ጀልባውን ወደ እሱ አይነዱም። የሚሄድበትን አቅጣጫ ያጤኑና ዞር ብለው ፊት ለፊቱ በሩቁ ያቆማሉ። ሞተሩን ያጠፋሉ። ከዚያ «ልጄ፣ አትሩጥበት። ውሃው ላይ ተኛና ጠብቀው። እሱ መንገደኛ ነው፣ በአንተ በኩል ያልፋል» ይላሉ። ሌላ ትምህርት አልሰጡኝም። ከዚያ የተሻለም አላገኘሁም።

ውሃው ውስጥ ያለውን ላሳያችሁ፤ ቀድማችሁ ካወቃችሁት ድንጋጤው ይቀንሳል።

ብዙ ሰው ፎቶ ላይ እንደሚያየው ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ይጠብቃል። በዚህ ወቅት የታጁራ ውሃ አረንጓዴና ጭጋጋማ ነው። ያ ጭጋግ ፕላንክተኑ ነው፤ እንስሳውን ያመጣውም እሱው ነው። አንዳንዴ ከጥቂት ሜትር በላይ አይታይም። ስለዚህ ዌል ሻርኩ ከሩቅ ቀስ እያለ አይመጣላችሁም። ምንም ከሌለበት አረንጓዴ ውስጥ መጀመሪያ ነጭ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። ቀጥሎ ሰፊ፣ ጠፍጣፋና የተከፈተ አፍ። ከአፉ ፊት ለፊት ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ትናንሽ ዓሦች ይዋኛሉ፤ አይሸሹትም፣ አይበላቸውም። ከሆዱ ሥር ሬሞራ የሚባሉት ዓሦች ተለጥፈው ይጓዛሉ። ዓይኑ ከአፉ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ክብ ነገር ናት፤ አካሉን አይታችሁ ከምትገምቱት እጅግ ታንሳለች። ያቺ ዓይን ትዞርና ታያችኋለች። ቀጥሎ አምስቱ ስንጥቦች፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ቀስ እያሉ ሲከፈቱና ሲዘጉ ታያላችሁ። ከዚያ ጎኑ ነው፤ ጎኑ አያልቅም። በመጨረሻ ጭራው ቀኝና ግራ እየተወዛወዘ ያልፋል፤ ውሃው ሲገፋችሁ ይሰማችኋል። ይሄ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነው። የምትሰሙት የራሳችሁን ትንፋሽ ብቻ ነው።

በዚህች ቅጽበት ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፉ። በመንገዱ ላይ ከሆናችሁ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ፤ ፊት ለፊቱ አትቁሙ። ከአካሉ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር ራቁ። ይህ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ርቀት ነው። እሱ ራሱ ቢጠጋችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ እግራችሁን ሳታወራጩ ጠብቁ፣ ያልፋል። ከጎኑ ትይዩ ሆናችሁ ከትከሻው አካባቢ ብትዋኙ ያያችኋል፣ አይረበሽም። ከኋላው መሆን ሁለት ጉዳት አለው፤ ጭራው ሊመታችሁ ይችላል፣ እሱም እየተሳደደ ይመስለዋል።

አንዳንዴ ቆሞ ሲበላ ታገኙታላችሁ። ጭራው ወደ ታች፣ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፍና ውሃውን ይምጋል። ፕላንክተኑ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ለብዙ ደቂቃ አንድ ቦታ ስለሚቆይ መዋኘት የማይችል ሰው እንኳ በላይፍ ጃኬት ተንሳፍፎ ሊያየው ይችላል። ግን ያኔም አትክበቡት። ሁላችሁም በአንድ በኩል ሁኑ፣ መውጫ ተዉለት።

አትንኩት። ይህን ደጋግሜ የምናገረው አለምክንያት አይደለም። ቆዳው ወፍራም ነው፤ ያም ሆኖ ሲነኩት ይሰማዋል። የተረበሸ ዌል ሻርክ የሚያሳየው ምልክት አለ። ጀርባውን ወደ እናንተ ያዞራል፣ ዓይኑን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ወይም ቀጥ ብሎ ይጠልቃል። ይህ ዓሣ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ድረስ እንደሚወርድ ተመዝግቧል፤ ከጠለቀ አለቀ፣ ማንም አይደርስበትም። እናንተ አጣችሁት፣ ከኋላችሁ የሚጠብቁትም አጡት። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱ ምግቡን አጣ። እዚህ የመጣው ለማደግ ነው። በልቶ ካልጠገበ መምጣቱ ለምኑ ነው? ፍላሽም ያው ነው፤ ካሜራችሁ ላይ አጥፉት።

አንድ ዓርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። እኛ በአባባ ጀልባ ሞተር አጥፍተን እየጠበቅን ነበር። ሌላ ጀልባ በፍጥነት መጥቶ ዌል ሻርኩ አናት ላይ ቆመ ማለት ይቻላል። ሰዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየዘለሉ ገቡ። ውሃው በአረፋ ተሞላ። አንዱ የጀርባውን ክንፍ ሊይዝ እጁን ዘረጋ። እንስሳው አንዴ ጭራውን ሲመታ አንዲት ሴት ክንዷ ላይ ክፉኛ ተመታች፤ እሱም ወዲያው ጠለቀ። እነሱ የነበራቸው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እኛ ጀልባ ላይ ከድሬዳዋ የመጣች አንዲት እህት ነበረች፤ ባሕር ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። እነዚያ ከሄዱ በኋላ አባባ ጀልባውን ራቅ አድርገው አቆሙና ጠበቅን። ሌላ ዌል ሻርክ መጣ። እሷ ላይፍ ጃኬቷን እንደለበሰች፣ የእኔን እጅ ይዛ፣ ፊቷን ውሃ ውስጥ ከትታ ተንሳፈፈች። እንስሳው ዙሪያችንን ሁለት ጊዜ ዞረ። እጄን በጣም ጨብጣው ስለነበር ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ግን አንዴም ቀና አላለችም። ጀልባው ላይ ከወጣን በኋላ «አየኝ እኮ! አየኝ!» ብላ አለቀሰች።

ስለ ጀልባ የምለው አለ፤ ይህ ለእናንተም ለእንስሳውም ነው። ጅቡቲ የሚመጡትን ዌል ሻርኮች በደንብ ብታዩ ብዙዎቹ ጠባሳ አለባቸው። የተቆረጠ የክንፍ ጫፍ፣ ጀርባ ላይ ትይዩ የሆኑ ቁስሎች። ያ የሞተር ምላጭ ነው። ላይ ላዩን ስለሚበሉ በቀላሉ ይመታሉ። ዌል ሻርክ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ነው። ለማደግ ረጅም ዓመታት ይፈጅበታል፤ ዘር ለመተካት የሚደርሰውም ከ8 ሜትር በላይ ሲሆን ነው። እኛ ጋ ያሉት ገና እዚያ አልደረሱም። እዚህ የሚመታ አንድ ልጅ ዘር ሳይተካ ነው የሚጠፋው።

ስለዚህ ጀልባ ስትከራዩ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። «ዌል ሻርክ ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አናቱ ላይ አደርሳችኋለሁ» ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ስንት ሰው በአንዴ ውሃ እንደሚገባ ጠይቁ፤ ሲያንስ ይሻላል። የውሃ ውስጥ አጋዥ አብሮ ይገባ እንደሆነ ጠይቁ። ለልካችሁ የሚሆን ላይፍ ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ሞተሩ ከማርሽ ወጣ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ ምላጩ መቆሙን ካፒቴኑ ሳይነግራችሁ አትግቡ። ስትወጡም እንደዚያው። ደግሞ ሌሎች ጀልባዎች እንዲያዩአችሁ ደማቅ ልብስ ልበሱ፤ ከጓዶቻችሁ አትነጠሉ።

ከአገር ቤት ሳትነሡ ልታደርጉት የምትችሉት ብዙ ነው። አዲስ አበባም ሐዋሳም ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ማስክና ስኖርክል ይዛችሁ ገንዳ ግቡ። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ከትታችሁ በአፍ ብቻ መተንፈስ ልምምድ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ቀን አእምሮ እሺ አይልም። ስኖርክሉ ውስጥ ውሃ ሲገባ በኃይል «ቱፍ» ብሎ ማስወጣትን ተለማመዱ። ይሄን ብቻ የቻለ ሰው ባሕር ላይ ግማሹን ድንጋጤ አስቀርቷል። ማስክ ስትገዙ ማሰሪያውን ሳታስሩ ፊታችሁ ላይ አድርጉትና በአፍንጫ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ሳይወድቅ ከተጣበቀ ልካችሁ ነው። ጺም ያላችሁ ከአፍንጫ በታች ያለውን ብትላጩት ውሃ አያስገባም። እንዳይጨጉግ ከመግባታችሁ በፊት ውስጡን በምራቅ አሽታችሁ ቶሎ አለቅልቁት።

የባሕር ውሃ ጨው ስላለው ከሐይቅና ከገንዳ ይልቅ ያንሳፍፋል። ይሄ ለእኛ የምሥራች ነው። እግር ላይ ፊን (የዋና መቅዘፊያ ጫማ) ስታደርጉ ደግሞ ከጭን ጀምሮ ቀስ ብላችሁ ምቱ፤ ከጉልበት በታች ብቻ ከሆነ ውሃ ታንቦጫርቃላችሁ፣ ትደክማላችሁ። እጅጌው ረጅም የዋና ልብስ ያስፈልጋችኋል። አንደኛ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሁለተኛ በፕላንክተኑ መሀል የሚቆነጥጡ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ባሕር ላይ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ኪኒኑን ከመሳፈራችሁ ቀደም ብላችሁ ዋጡ፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ እምብዛም አይጠቅምም። ባዶ ሆድም አትምጡ።

ትንፋሽ ይዞ መጥለቅ የሚወዱ ወጣቶች አሉ። እባካችሁ በዚህ አትጫወቱ። ከመጥለቃችሁ በፊት በኃይልና በፍጥነት ደጋግማችሁ አትተንፍሱ። እንዲያ ሲሆን የመተንፈስ ፍላጎቱ ይዘገያል፤ ኦክስጅኑ ግን ያልቃል። ሰው ምንም ሳይሰማው ላይ ሊደርስ ሲል ራሱን ይስታል። ማንም ሳያያችሁ ብቻችሁን በፍጹም አትጥለቁ። ጓደኛችሁ ላይ ቀርቶ እናንተን ይመልከት፤ ከዚያ ተቀያየሩ።

አሁን ደግሞ ሁሉም ሻርክ ዌል ሻርክ እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ልቡ የደፈረ ሰው የትም ቦታ ወደ ማንኛውም ሻርክ እንዲጠጋ አልፈልግም። እስራኤል ያላችሁ ወገኖቼ ባሕር ዳር ያለችውን የሐዴራ ከተማ ነገር ታውቁታላችሁ። በኃይል ማመንጫው አጠገብ ውሃው ስለሚሞቅ በቅዝቃዜው ወራትና በጸደይ ሻርኮች ይሰበሰባሉ። ሰው ለዓመታት እየሄደ ያያቸው ነበር፤ ምግብ የሚጥሉላቸውም ነበሩ። በሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ.) አንድ ዋናተኛ እዚያው በሻርኮች ተገደለ። እነዚያ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ሰውን እንደ ምግብ አይፈልጉም ይሆናል፤ ግን ሰውን ከምግብ ጋር ማያያዝ የለመደ ሻርክ አደገኛ ነው። ማንም እየመገበ ባለበት ውሃ አትግቡ። ዓሣ የተጠመደበት ወይም የዓሣ ደም የፈሰሰበት አካባቢ አትዋኙ። እንዲህ ያለ ሻርክ ድንገት ብታዩ ሳትንቦጫረቁ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ፤ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ወደ ጀልባው ሂዱ። ጀርባ ሰጥቶ መሸሽ አይበጅም።

ማንታ ሬይም አለ፤ ክንፉን እንደዘረጋ የሚንሸራተት ትልቅና ጠፍጣፋ ዓሣ። መርዛማ እሾህ የለውም፣ የሚበላውም ፕላንክተን ነው። ለእሱም ሕጉ ያው ነው። ኦክስጅን ብለን በልማድ በምንጠራው የአየር ሲሊንደር የምትጠልቁ ከሆነ ዝቅ ብላችሁ ቆዩ፤ ከበላዩ አትሂዱ፣ በቀጥታ ከሥሩም አትሁኑ፤ አረፋችሁ ሆዱ ላይ ሲወጣ ይረበሻል። ትናንሽ ዓሦች ቆዳውን የሚያጸዱበት ድንጋይ አለው፣ እዚያ ይመላለሳል። ከድንጋዩ ራቅ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተመልሶ ይመጣል። በባብ ኤል መንደብ አጠገብ ያሉት የሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች ለመጥለቅ የታወቁ ናቸው፤ ግን የውሃው ጉልበት ኃይለኛ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክርም።

ፎቶ ካነሣችሁ ሥራ ላይ አውሉት። የዌል ሻርክ ነጠብጣብ ከአንዱ ወደ ሌላው አይመሳሰልም። ተመራማሪዎች ከስንጥቡ ኋላ፣ ከጎኑ ክንፍ በላይ ያለውን ቦታ ከግራ በኩል የተነሣ ፎቶ ይፈልጋሉ። የከዋክብት ተመራማሪዎች የሰማይ ፎቶዎችን ለማመሳሰል የሚጠቀሙበት ስሌት ለዚህ ተስተካክሎ፣ ኮምፒውተር ነጠብጣቡን አይቶ ይህ እንስሳ ከዚህ በፊት ታይቶ እንደሆነ ይለያል። ጠባሳ ካለውም አንሡት። እናንተ የሁለት ቀን እንግዳ ብትሆኑም ያቺ ፎቶ የት እንደታየ፣ መቼ እንደታየ ትናገራለች። ለጀልባው አጋዥ ስጡት፤ ለማን እንደሚልክ ያውቃል።

ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚረሳውን መጨረሻ ላይ አቆየሁት። በአየር ሲሊንደር ከጠለቃችሁ በሰውነታችሁ ውስጥ ናይትሮጅን ይጠራቀማል። ቀስ ብሎ እንዲወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ቶሎ ወደ ከፍታ ከወጣችሁ ደም ውስጥ አረፋ ሊሠራ ይችላል፤ መገጣጠሚያን ያማል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው ጠላቂዎች አንዴ ብቻ ከጠለቁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመው ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን አይሳፈሩ የሚባለው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ይሳሳል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያለፈች ናት። ስለዚህ በባቡር ወይም በመኪና መሄድ አያድናችሁም። ጅቡቲ ካለው ናጋድ ጣቢያ ባቡር የተሳፈረ ሰው ወደ ተራራ እየወጣ ነው፤ ድሬዳዋ እንኳ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የውጭ አገር መመሪያዎች በብዛት የሚያነሡት አውሮፕላንን ስለሆነ የእኛ ሰው ባቡሩን አያስበውም።

እኔ ለእንግዶቼ ቀኑን እንዲህ ነው የማወጣላቸው። በሲሊንደር መጥለቅ የሚፈልግ ካለ መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ይጠልቃል። የመጨረሻው ቀን የዌል ሻርክ ቀን ነው። በማስክና በስኖርክል ላይ ላዩን መዋኘት እንዲህ ያለ ችግር ስለሌለው፣ ጠዋት ከአርታ ተመልሳችሁ በማግስቱ ያለ ሐሳብ ባቡር ትሳፈራላችሁ። ሲሊንደር ለመጨረሻ ጊዜ ከተጠቀማችሁበት ሰዓት አንሥታችሁ ሙሉ ቀን፣ ማለትም 24 ሰዓት፣ ቁጠሩና ትኬታችሁን ከዚያ በኋላ ቁረጡ።